የልብ ምርመራው ደህና ሆኖ የደረት ሕመሙ ሲቀጥል

ከሐይቅ ከተማ ደሴ ድረስ ሄደው የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ውጤትዎ ደህና ከተባለ በኋላም ደረትዎን የሚያምዎ ከሆነ፣ ሕመሙ እውነተኛ ነውና ችላ አይበሉት። መቼና ምን ሲያደርጉ እንደሚጀምርዎ ለሁለት ሳምንት በደብተር ይመዝግቡ። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልተው ወዲያው ሲተኙ የሚያቃጥልዎ ከሆነ፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ እየተመለሰ ሊሆን ስለሚችል፣ እራትዎን ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይብሉ፤ ለወሎ ሰው ቢከብድም፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጡትን ቡና ይቀንሱ። የደረት አጥንትዎን ጠርዝ በጣት ጫፍ ሲጫኑት ያው ሕመም ከተቀሰቀሰ፣ የጎድን አጥንት መጋጠሚያ ተቆጥቶ ይሆናል። ጭንቀትም ደረትን ያፍናል፤ ይህንን ለሐኪም መንገር ነውር የለውም። ደብተሩን ይዘው ይመለሱ። ሆኖም ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተሰራጨ፣ ላብ ካጠመቀዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ፣ በቀድሞው ውጤት ሳይዘናጉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።