ሊንኩ አለ፣ ኔትወርክ የለም፦ የሁለት ቢሮ ግንኙነት ችግርና መፍትሄ

ኬብሉንና አንቴናውን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ለምሳሌ የፒያሳው ቢሮ ኔትወርክ 192.168.10.0/24፣ የሜክሲኮው 192.168.20.0/24 ይሁን (ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር የኔትወርኩን ስፋት ይነግራል)። በመሃል ያለው ሊንክ 10.10.10.0/30 ነው፤ የፒያሳው ራውተር 10.10.10.1፣ የሜክሲኮው 10.10.10.2 ይይዛሉ።

ምልክት፦ ሁለቱ ራውተሮች ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ የሙከራ መልእክት) አይደራረጉም።
ምክንያትና መፍትሄ፦ /30 ውስጥ ያለው 4 አድራሻ ነው። የመጀመሪያው የኔትወርኩ ነው፣ የመጨረሻው ብሮድካስት (ለሁሉም መላኪያ)፤ የሚሰጡት መሃል ያሉት 2 ብቻ ናቸው። አንዱ ጋ .2፣ ሌላው ጋ .5 ከተጻፈ አይተዋወቁም። ማስኩንም (/30 የሚለውን) በሁለቱም ጫፍ አንድ አድርጉት።

ምልክት፦ ራውተር ለራውተር ፒንግ ያደርጋል፤ የፒያሳ ኮምፒውተር ግን ሜክሲኮ አይደርስም።
ምክንያት፦ መመለሻ ሩት (ለራውተሩ መልሱን በየት በኩል እንደሚልክ የሚነግረው መስመር) የለም። ሁልጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። ራውተሩ ራሱ ፒንግ ሲያደርግ የሚወጣው በ10.10.10.1 ስለሆነ ሜክሲኮ ለመመለስ አይቸገርም። ኮምፒውተሩ ግን በ192.168.10.25 ይወጣል። የሜክሲኮው ራውተር ይህን አድራሻ የት እንዳለ ስለማያውቅ መልሱን በዲፎልት ሩቱ (ለማያውቀው አድራሻ ሁሉ በሚጠቀምበት መንገድ) ወደ ኢንተርኔት ይልከዋል፤ እዚያው ይቀራል።

አንድ መሥሪያ ቤት በክረምት ዝናብ አንቴናውን ሁለት ጊዜ አስቀይሮ ነበር። የሂሳብ ክፍሉ ልጆች ፋይል በፍላሽ ይዘው በታክሲ ሲመላለሱ ሰነበቱ። ሜክሲኮ ሄጄ የራውተሩን ትራፊክ ከፍቼ ሳይ፣ ጥያቄው በሊንኩ ወደብ ይገባል፣ መልሱ በኢንተርኔቱ ወደብ ይወጣል። አንድ መስመር ጻፍኩ፤ አለቀ። አንቴናው ምንም አልነበረውም። እባካችሁ ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሩት ሠንጠረዡን ክፈቱ።

መፍትሄ፦ ፒያሳ ላይ «ወደ 192.168.20.0/24 በ10.10.10.2 በኩል»፣ ሜክሲኮ ላይ «ወደ 192.168.10.0/24 በ10.10.10.1 በኩል» የሚል ስታቲክ ሩት (በእጅ የሚጻፍ ሩት) አስገቡ። ሁለቱንም! ስትፈትሹ ከራውተሩ ላይ ፒንግ የምታደርጉ ከሆነ መነሻ አድራሻውን የውስጥ ኔትወርኩ አድራሻ አድርጉት፤ አለበለዚያ ያው የሊንኩን አድራሻ ይዞ ይወጣና ያታልላችኋል።

በዚህ ፈንታ ፒያሳ ላይ፣ በሊንኩ ወደብ ማስከሬድ (የላኪውን አድራሻ በራውተሩ አድራሻ የሚተካ) አብርተው «ሠራ» ብለው የሚሄዱ ባለሙያዎች ያናድዱኛል። ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ ይሠራል፤ ከሜክሲኮ የፒያሳን ፕሪንተር ልክፈት ሲባል ግን እምቢ ይላል። ሰርቨሩ መዝገብ ላይም የፒያሳ ሰው ሁሉ 10.10.10.1 ሆኖ ይታያል፤ ማን ምን እንደሠራ አይለይም።

ሁለቱም ቢሮ 192.168.1.0/24 ከሆነ ሩት አያድናችሁም፤ የአንዱን ቀይሩ።

ፒንጉ ራውተሩ ጋ ደርሶ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ዝም ካለ የዊንዶውስ ፋየርዎልን ጠርጥሩ፤ ከሌላ ኔትወርክ የሚመጣ ፒንግ ሊዘጋ ይችላል።

ሲስኮ ራውተር ላይ የጻፋችሁትን ሴቭ ሳታደርጉ አትውጡ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሩቱ ይጠፋል፤ እኔም እንደገና እጠራለሁ።