ለውኃና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የላቀ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሰዎችን እንዴት መርጦ መሸለም ይቻላል

ቧንቧው ሳይደርቅ፣ መብራቱም ሳይጠፋ ያለፈ ዓመት ለተጠቃሚው ምንም ነገር ያልሆነበት ዓመት ነው፤ ለተቋሙ ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለው ዓመት የሚገኘው በብዙ ድካም ነው። የፓምፕ ሞተር ሊቃጠል ሲል የድምፁን መለወጥ ሰምቶ ያስቆመው ኦፕሬተር ወይም የትራንስፎርመር ዘይት ናሙና ውጤት አጠራጥሯት ምርመራው እንዲደገም ያደረገችው መሐንዲስ ሥራቸውን በትክክል ስለሠሩ ብቻ ሳይታወቁ ይቀራሉ። የሽልማት ሥርዓት በጥንቃቄ ካልተዘጋጀ ደግሞ የሚያነሣው ጎልቶ የታየውን ሰው ነው፦ ከዐውሎ ነፋስ በኋላ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ፎቶ የተነሣውን፣ በስብሰባ ብዙ የሚናገረውን ወይም ሥልጣኑ ከፍ ያለውን። ቀጥሎ የቀረበው አሠራር በአንድ አካባቢ የሚገኙ የውኃና የኤሌክትሪክ ተቋማት በጋራ፣ ወይም አንዱ ተቋም ለብቻው፣ ያንን ያልታየ ሥራ ጭምር ፈልጎ ለማክበር የሚያስችል ነው።

የሚሸለመው ምን እንደሆነ መወሰን

ከሁሉ አስቀድሞ ረጅም አገልግሎትና የላቀ አገልግሎት ይለዩ። ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ምስጋና ይገባዋል፤ ይህ ግን ከሠራተኛ አስተዳደር መዝገብ ላይ ተነሥቶ ለሁሉም እኩል የሚሰጥ የምስክር ወረቀት እንጂ ኮሚቴ ተቀምጦ የሚያወዳድረው ጉዳይ አይደለም። የላቀ አገልግሎት የሚባለው ሰውየው ባይኖር ኖሮ ሳይሠራ ይቀር የነበረ፣ በስም ሊጠራ የሚችልና እሱ ከቦታው ከተነሣም በኋላ የሚቀጥል ለውጥ ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ የሁሉንም ተሳታፊ ተቋማት ስምምነት ማግኘት ያስፈልጋል፤ ዐረፍተ ነገሩ አንድ ገጽ ከሞላ የሽልማቱ ዓላማ ገና አልጠራም ማለት ነው። የአሜሪካ የውኃ ሥራዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በመሐንዲሱ በጆርጅ ዋረን ፉለር ስም የሚሰጠው ሽልማት ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል። መመዘኛው በመሐንዲስነት ብቃት፣ ሰዎችን በማግባባት ችሎታና በገንቢ አመራር ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ተሸላሚውን የሚመርጠውም የማኅበሩ ማዕከል ሳይሆን እያንዳንዱ የአካባቢ ቅርንጫፍ ነው።

ዘርፎቹ ከአራት ባይበልጡ ይመረጣል። አንዱ ለመስክና ለጣቢያ ሠራተኞች፣ አንዱ ለምህንድስናና ለአመራር፣ አንዱ የተቋሙ ሠራተኛ ላልሆኑ የቦርድ አባላትና የማኅበረሰብ ተወካዮች፣ አንዱ ደግሞ ለቡድን ይሁን። የቡድን ዘርፍ መኖሩ ግድ ነው፤ የመስመር ጥገናም ሆነ የቧንቧ ፍንጣቂ ፍለጋ በቡድን የሚሠራ ስለሆነ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነጥሎ መሸለም በማግሥቱ የሥራ ጓደኛሞችን ያቀያይማል። የቦርድ ሰብሳቢንና የመስመር ሠራተኛን በአንድ ዘርፍ ማወዳደር ደግሞ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ውድድር ነው።

በቁጥር የሚለካውንና የማይለካውን መለየት

በኤሌክትሪክ በኩል በብዙ አገሮች የሚሠራባቸው ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ አንዱ በዓመት ውስጥ አንድ ደንበኛ በአማካይ ስንት ጊዜ መብራት እንደተቋረጠበት፣ ሌላው በጠቅላላው ለስንት ደቂቃ እንደተቋረጠበት ያሳያል። የኋለኛውን ማስላት ቀላል ነው። 40,000 ደንበኞች ባሉት ተቋም 2,000 ደንበኞች ለ90 ደቂቃ መብራት ቢጠፋባቸው 180,000 የደንበኛ ደቂቃ ይሆናል፤ ይህ ለጠቅላላው ደንበኛ ሲካፈል በአማካይ 4.5 ደቂቃ ይመጣል። በውኃ በኩል ደግሞ ወደ መስመር ከገባው ውኃ ውስጥ ክፍያ ያልተሰበሰበበት ምን ያህል እንደሆነ፣ እንዲሁም በተጠቃሚው ቧንቧ ላይ የሚገኘው ቀሪ ክሎሪን (ውኃውን ከጀርም እንዲጠብቅ ከተጨመረው የተረፈው) በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም በታች የወረደባቸው ናሙናዎች ስንት እንደሆኑ ይታያል።

ነገር ግን ቁጥሩ ሰውን አይሸልምም። የመብራት መቋረጥ የቀነሰው ነፋስ የበዛበት ወቅት ስላልነበረ፣ የውኃ ብክነቱም የወረደው አሮጌው ቧንቧ በትልቅ በጀት ስለተቀየረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያገለግለው ጥያቄ ለማንሣት ነው፦ ይህ ለውጥ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ጊዜ ለምን መጣ? መልሱ ወደ አንድ ሰው ውሳኔ ወይም ትጋት ካመራ፣ ያ ሰው እጩ ነው። እንደ ቆጣሪ አንባቢዎችና የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ያሉት ሥራቸው በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ስለማይታይ በምስክርነት የሚመዘኑበት መንገድ ሊተውላቸው ይገባል።

ደኅንነት በነጥብ አይመዘንም፤ የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ነው። በመስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመሣሪያ ሳያረጋግጥ፣ መስመሩንም ከመሬት ጋር ሳያያይዝ ምሰሶ ላይ ወጥቶ መብራት ቶሎ የመለሰ ሠራተኛ፣ ወይም አየሩ ሳይመረመር ወደ ቫልቭ ጉድጓድ የወረደ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ድፍረቱ የቱንም ያህል ቢደነቅ መድረክ ላይ መውጣት የለበትም። ሽልማት ያስተምራል፤ ደንብ ጥሶ የተሸለመ ሰው ካለ፣ ሌሎቹ በሚቀጥለው ጨለማ ሌሊት ከመመሪያው ይልቅ እሱን ያስታውሳሉ።

ጥቆማ መቀበል

የመጠቆሚያ ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ አራት ጥያቄዎች ይበቁታል። እጩው ምን አደረገ? ከዚያ በፊት ሁኔታው እንዴት ነበር? አሁንስ ምን ተለወጠ? ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ማን ነው? «ታታሪ»፣ «ታማኝ»፣ «ምስጉን» የሚሉ ቃላት ብቻ የሞሉበት ቅጽ ለጠቋሚው ተመልሶ አንድ የተሠራ ነገር እንዲጨምርበት ይጠየቅ።

መጠቆም የሚችለው ማንኛውም ሰው፣ ደንበኛም ጭምር ነው። የአለቃ ፊርማ ግዴታ ከሆነ ከአለቃው ጋር የማይስማማው ጎበዝ ሠራተኛ መቼም አይጠቆምም። በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩና ቢሮ የሌላቸው ሠራተኞች ጥቆማቸውን በስልክ ወይም በቃል ሰጥተው ሌላ ሰው እንዲጽፍላቸው ይደረግ። ጊዜውም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቢሆን በቂ ሲሆን፣ ብልሽት በሚበዛበት ወቅት ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ያሻል።

ኮሚቴ ማቋቋም

አምስት ወይም ሰባት አባላት ይበቃሉ። ከተለያዩ ተቋማት የተውጣጡ ሆነው ቢያንስ ሁለቱ በመስክ የሠሩ፣ አንዱም በጡረታ የተገለለና ከማንም ተቋም ደመወዝ የማይቀበል ይሁን። አባሉ የእጩው አለቃ፣ ዘመድ ወይም ጠቋሚ ከሆነ በዚያ እጩ ጉዳይ ከክፍሉ ይወጣል፤ ድምፅ አለመስጠቱ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም ተቀምጦ ዝም ማለትም ሌሎቹ የልባቸውን እንዳይናገሩ ያደርጋል። ለተቋማቱ ዕቃ የሚያቀርቡና ሥራ ተቋራጭ የሆኑ ድርጅቶች የዝግጅቱን ወጪ ቢሸፍኑ እንኳ በምርጫው ውስጥ ቦታ አይኑራቸው።

ተቋማቱ በመጠን የሚበላለጡ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትልቁ ተቋም ጽሑፍ የሚያሳምር የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አለው፤ በትንሹ ተቋም ግን ያው ሰው ፓምፕ ያስነሣል፣ ክሎሪን ይመዝናል፣ ቆጣሪም ያነባል፤ ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ከትናንሽ ተቋማት ጥቆማ ካልመጣ የኮሚቴው ጸሐፊ ራሱ ደውሎ መጠየቅ አለበት። ሥራውም የሚመዘነው ሰውየው በእጁ ከነበረው አቅም አንጻር ነው።

ማጣራት

በአብዛኛው ችላ የሚባለው፣ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም ክፍሎች ከባዱ ይህ ነው። ጥቆማው የተጋነነ ውዳሴ ሊሆን ስለሚችል ከመዝገብ ጋር መመሳከር ይኖርበታል። የፈረቃ መዝገብ፣ የጥገና ትዕዛዝ፣ የብልሽት ሪፖርትና የላቦራቶሪ ውጤት ይመርመሩ፤ የመጀመሪያውን ማስታወሻ የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ቀኑና ሰዓቱም ጭምር ይታዩ። ከዚያ በኋላ ከእጩው በላይ፣ በታችና በእኩል ደረጃ ከሚሠሩ ሰዎች ቢያንስ አንድ አንድ ሰው ማነጋገር ይገባል።

ማጣራት ለምን እንደሚያስፈልግ ከውኃው ሙያ ታሪክ የሚገኝ አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት ለጀርዚ ሲቲ ከተማ በሚቀርበው የመጠጥ ውኃ ላይ የክሎሪን ውሕድ ያለማቋረጥ መጨመር ተጀመረ፤ በዚያች አገር እንዲህ ባለ ስፋት ሲሠራበት የመጀመሪያው ነበር። ጥቅም ላይ እንዲውል የወሰነውና አሠራሩን በፍርድ ቤት የተከላከለው ለውኃ አቅራቢው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ሊል ሲሆን፣ ማከሚያውን ነድፎ ያሠራው ደግሞ ከላይ ስሙ የተነሣው ጆርጅ ፉለር ነው። ፉለር በሌሎችም ሥራዎቹ የተመሰከረለት መሐንዲስ ስለሆነ ክብሩ አይበዛበትም፤ ይሁን እንጂ የሊል ድርሻ ለብዙ ዘመን ብዙም ሳይነገር ቆይቷል። የምርጫ ኮሚቴ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችም ከዚሁ ይወጣሉ፦ ሐሳቡን ያመጣው ማን ነው? ኃላፊነቱንና ነቀፋውን የተሸከመውስ? በእጁ የሠራውስ? ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ሆነው ከተገኙ ሽልማቱን በጋራ መስጠት ይሻላል።

ነጥብ ሲሰጥ አባላቱ በመጀመሪያ ለየብቻቸው ይስጡ፣ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ ቀድሞ የተናገረው ሰው ሌሎቹን ይመራቸዋል። ብቁ እጩ ያልተገኘበት ዘርፍ ካለም ለዚያ ዓመት ሳይሰጥ ይለፍ።

የምስክርነት ቃሉን መጻፍ

በመድረክ ላይ የሚነበበውና በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል ከሜዳሊያው በላይ ዕድሜ አለው፤ ተሸላሚው ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነውና። «ለብዙ ዓመታት በትጋትና በታማኝነት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚለው ለማንም የሚስማማ ስለሆነ ለማንም አልተጻፈም። ከዚያ ይልቅ እንዲህ ቢባል ሥራው ይታያል፦ «አብዛኛው ተጠቃሚ በሚተኛበት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ሰፈር የሚገባውን ፍሰት እየለኩ፣ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ባልታወቀባቸው መስመሮች ላይ የተሰወሩ ፍንጣቂዎችን ስላገኙና ይህንኑ አሠራር ለተተኪ ሠራተኞች ስላስተማሩ።» ስልሳ ወይም ሰባ ቃል ይበቃል። ከመታተሙ በፊት ተሸላሚው ራሱ ያንብበው፤ ቀን፣ የቦታ ስምና የአያት ስም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መሸለም የማይፈልግ ሰው ካለም ፈቃዱን የሚገልጽበት አጋጣሚ ይኸው ነው፤ ሳይጠየቅ በመድረክ መጠራት ለአንዳንዱ ክብር ሳይሆን ጭንቀት ነው።

በሥራ ላይ ሳሉ ሕይወታቸው ያለፈ ሠራተኞችን በተመለከተ የተለየ መታሰቢያ ማዘጋጀት እንጂ ከሌሎች ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም። ቤተሰቡ አስቀድሞ ይጠየቅ። የአደጋው ምርመራ ካልተጠናቀቀም ይጠበቅ፤ ክብር መስጠቱ አደጋው የደረሰበትን ምክንያት ከመጠየቅ የሚያዘናጋ መስሎ መታየት የለበትም።

ሥነ ሥርዓቱ

ተሸላሚዎቹ በፈረቃ የሚሠሩ መሆናቸው ቀኑን ይወስነዋል። ተሸላሚው በዚያን ዕለት ተረኛ ከሆነ ተተኪ ይመደብለት፤ በትንሽ ተቋም ተተኪ ከሌለ ጎረቤት ተቋም ለጥቂት ሰዓታት ሠራተኛ ሊያውስ ይችላል፤ በአደጋ ጊዜ የሚረዳዱ ተቋማት ይህን ለማድረግ አይቸገሩም። ቤተሰብ በመጀመሪያው ረድፍ ይቀመጥ። የክብር እንግዶች ንግግር ከሽልማቱ በኋላ ይምጣ፣ ይጠርም፤ ተሸላሚ ሁለት ሰዓት የሌሎችን ንግግር ሲያዳምጥ ቆይቶ በመጨረሻ በጥድፊያ የሚጠራበት ዝግጅት ማን እንደተከበረ ግልጽ አይደለም። ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ መጠኑ ለሁሉም ዘርፍ እኩል ሆኖ አስቀድሞ ይፋ ይደረግ፤ ግብር የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑም ከሒሳብ ክፍል ይጣራ።

ከሽልማቱ በኋላ

የእያንዳንዱ ተሸላሚ ፋይል፣ የምስክርነት ቃሉና የማጣራት ማስታወሻው በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ከባድ ጥፋት ተደብቆ ከተገኘ ሽልማቱ የሚሻርበት ሥርዓትም ከመጀመሪያው ተጽፎ ይኑር። ላልተመረጡ እጩዎች ጠቋሚዎች አጭር መልስ ይላክ፤ ማስረጃ ጎድሎ የቀረ ጥቆማ ምን እንደጎደለው ተገልጾለት በሚቀጥለው ዓመት ያለ አዲስ ቅጽ ተመልሶ ይታይ። በየሦስት ዓመቱ ደግሞ የተሸላሚዎች ዝርዝር በአንድ ገጽ ወጥቶ፣ ከመካከላቸው ስንቱ ከሌሊት ፈረቃ፣ ስንቱ ከትናንሽ ተቋማት፣ ስንቱ ሴቶች፣ ስንቱ የጥገናና የቆጣሪ ሠራተኞች እንደሆኑ ይቆጠር። ከዋና መሥሪያ ቤት የመጡት በዝተው ከተገኙ፣ ኮሚቴው የሚቀጥለውን ጥሪ ከማውጣቱ በፊት ጥቆማ የሚሰበሰብበትን መንገድ ይለውጥ፣ የፓምፕ ጣቢያዎችንና የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎችንም ሄዶ ይጠይቅ።