አሊያስና ፈንክሽን በአንድ ስም ሲጋጩ፦ ችግርና መፍትሄ

ከጥር 10 ከከተራ ጀምሮ በጎንደር ፎቶ ቤቶች የካሜራ ካርድ ይከመራል። ኡቡንቱ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀም ባለሙያ «ሲፒ -አይ» (cp -i) የሚለውን ትዕዛዝ፣ ማለትም ነባር ፋይል ከመተካቱ በፊት የሚጠይቀውን ቅጂ፣ «ቅዳ» በሚል አሊያስ (ለትዕዛዝ የሚሰጥ አጭር ስም) ያሳጥረዋል። በተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የተጻፈውን አንብቦ የሚፈጽመው ባሽ የተባለው ፕሮግራም በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል። ቆይቶ ደግሞ በዕለቱ ስም ማህደር ከፍቶ ፎቶዎቹን የሚያስገባ ፈንክሽን (በአንድ ስም የሚጠሩ ትዕዛዞች ስብስብ) ይጽፍና ያንኑ ስም ይሰጠዋል።

ችግር፦ ተርሚናሉ ሲከፈት ምንም ስህተት የለም፤ ነገር ግን «ቅዳ» ሲባል ፈንክሽኑ አይሠራም። ሁለቱም የተጻፉበት የባሽአርሲ ፋይል (.bashrc)፣ ማለትም ተርሚናል ሲከፈት ባሽ የሚያነበው ፋይል፣ በ«ሶርስ» (source) ትዕዛዝ ዳግም ሲጫን ደግሞ ባሽ ያልጠበቀው ቅንፍ እንደገጠመው ይናገራል።

ምክንያት፦ ባሽ አሊያስን የሚተካው ትዕዛዙን ሲያነብ እንጂ ሲፈጽም አይደለም። «ቅዳ()» ብሎ የሚጀምር ፍቺም ከዚህ አያመልጥም፤ ወደ «ሲፒ -አይ()» ይለወጥና ሰዋስው ይፈርሳል። በመጀመሪያው ጭነት ያለፈው አሊያሱ ከፈንክሽኑ በታች ስለተጻፈ፣ ገና ስለማይታወቅ ነው። ሁለቱም ከተመዘገቡ በኋላ በጥሪ ጊዜ አሊያስ ይቀድማል።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት የማይታይበት ነው። አሊያሱ «ሲፒ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ባሽ ዝም ብሎ «ሲፒ» የተባለ ፈንክሽን ይፈጥር ነበር። ውስጡ «ሲፒ» ካለ ራሱን ማብቂያ በሌለው ዙር ይጠራል። እንዲህ ከሆነባችሁ «አንሴት -ኤፍ ሲፒ» (unset -f cp) ብላችሁ አጥፉት፤ በፈንክሽኑ ውስጥም «ኮማንድ ሲፒ» (command cp) ብላችሁ ጻፉ።

መፍትሄ፦ የአሊያሱን መስመር ከፋይሉ ሰርዙ። የተከፈተው ተርሚናል ግን አሊያሱን አልረሳውምና «አንአሊያስ ቅዳ» (unalias ቅዳ) በሉ፤ ለብቻው፣ በራሱ መስመር። ባሽ ሙሉ መስመር አንብቦ ሳይጨርስ ምንም ስለማይፈጽም፣ ከፈንክሽኑ ፍቺ ጋር በአንድ መስመር ቢጻፍ አይረዳም። በስሙ ፊት «ፈንክሽን» (function) የሚለውን ቃል ማስቀደም ስህተቱን ያስቀራል፤ ጥሪው ግን አሁንም ወደ አሊያሱ ስለሚሄድ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። አሊያስ የጻፋችሁት እናንተ ላትሆኑም ትችላላችሁ፤ ኡቡንቱ «ኤልኤል» (ll) የተባለውን አሊያስ ይዞ ይመጣል።

ማን እንደቀደመ ለማወቅ «ታይፕ -ኤ ቅዳ» (type -a ቅዳ) በሉ፤ አሊያሱንም ፈንክሽኑንም በቅደም ተከተል ያሳያል። በስሙ ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት (\) ካደረጋችሁ አሊያሱ ይታለፍና ፈንክሽኑ ይሠራል።

ችግር፦ ሌላ ፈንክሽን «ቅዳ» የሚለውን አሊያስ ሲጠራ ትዕዛዙ አልተገኘም ይባላል። ፋይሉ ዳግም ሲጫን ይሠራል፤ አዲስ ተርሚናል ሲከፈት ችግሩ ይመለሳል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ የፈንክሽን ሆድ፣ ማለትም በውስጡ ያሉት ትዕዛዞች፣ የሚወሰነው ፍቺው ሲነበብ ነው። በዚያች ቅጽበት ያልታወቀ አሊያስ ተራ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ አሊያሱን ብትለውጡትም ፈንክሽኑ የያዘውን እንደያዘ ነው። አሊያሱን ወደ ላይ መውሰድ ይበቃል። እኔ ግን ሙሉ ትዕዛዙን በፈንክሽኑ ውስጥ መጻፍን እመርጣለሁ፤ የባሽ መመሪያም ቢሆን ለአብዛኛው ሥራ ፈንክሽንን ያስቀድማል።

ችግር፦ በተርሚናል የሚሠራው አሊያስ በስክሪፕት (ትዕዛዞች በተርታ ተጽፈው በአንዴ በሚሠሩበት ፋይል) ውስጥ አይታወቅም።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ባሽ ስክሪፕት ሲያስኬድ አሊያስን አይተካም። «ሾፕት -ኤስ ኤክስፓንድ_አሊያስስ» (shopt -s expand_aliases) የሚለው ትዕዛዝ ይህን ይከፍታል፤ አሊያሱ ግን በዚያው ስክሪፕት ውስጥ፣ ከመጠራቱ በፊት ባለ መስመር መጻፍ አለበት።