ሁሉም አስር ከአስር ሲሆን፦ ለጨዋታ ሽልማት የነጥብ መለኪያ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ የጨዋታ ቡድን ካላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጳጉሜን ሲደርስ «የዓመቱን ምርጥ ጨዋታ እንምረጥ» ይባላል። ገበጣው፣ ካርታው፣ ካታን የሚባለው የቦርድ ጨዋታ፣ ልጆች በካርቶን የሠሩት ጨዋታ ሁሉ ይታጫል። ድምፅ መስጫው በቴሌግራም ይለቀቃል፣ ወይም ፒያሳ ካፌ ውስጥ በወረቀት ይታደላል። ውጤቱ ሲወጣ ግን ጭቅጭቅ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመራጩ አይደለም። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ሳንነግረው ነጥብ ስጥ ብለነዋል።

ሁሉም ጨዋታ ዘጠኝና አስር አገኘ

ስምንት እጩ አለ እንበል። የሁሉም አማካይ ከ8.7 እስከ 9.3 ነው። በዚህ ልዩነት ዋንጫ መስጠት ዕጣ እንደ ማውጣት ነው።

አንዱ ምክንያት ትምህርት ቤት ነው። ከመቶ እየታረምን ነው ያደግነው። 50 ማለፊያ ነው፣ ከዚያ በታች መውደቅ። ስለዚህ ለጨዋታ ከአስር 5 ስንሰጥ «መካከለኛ ነው» ማለታችን ሳይሆን «ለትንሽ ተረፈ» ማለታችን ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉትን ማንም አይነካቸውም። አስር ደረጃ አለን ብንልም በተግባር የምንጠቀመው አራቱን ነው፦ 7፣ 8፣ 9 እና 10።

ሌላው ይሉኝታ ነው። ጨዋታውን የሠራው ልጅ እዚያው አጠገባችሁ ማኪያቶ እየጠጣ ነው። ሁለት ጓደኛሞች እንዲህ ሲባባሉ ሰምቻለሁ፦

«ከአስር ስንት ሰጠኸው?»

«ሰባት።»

«ምነው? ምን አደረገህ?»

«ኧረ ወድጄዋለሁ! ሰባት እኮ ጥሩ ነው።»

«እንግዲያው ዘጠኝ አድርግለታ!»

ልጁ ሰባቱን ሰረዘና ዘጠኝ ጻፈ። ሁለቱም ክፋት የለባቸውም። ሰባት ለአንዱ ምስጋና ነው፣ ለሌላው ወቀሳ።

መፍትሄው ደረጃውን ወደ አምስት ማውረድና ከየቁጥሩ ጎን ቃል መጻፍ ነው። ቃሉ መራጩን ስለ ራሱ ፍላጎት ይጠይቀው፣ ጨዋታውን እንዲፈርድበት አያስገድደው። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦

5 – እኔ ራሴ «እንጫወት» ብዬ አነሳዋለሁ
4 – ሰው ካነሳው ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ
3 – ሌላ ከሌለ እሺ
2 – ቢቀርብኝ ይሻላል
1 – ሁለተኛ አልነካውም

«ሰው ካነሳው እቀመጣለሁ» ማንንም አያስቀይምም። ትልቁ የቦርድ ጌም ድረ ገጽ ቦርድጌምጊክ ከ1 እስከ 10 ይጠቀማል፣ ግን እያንዳንዱ ቁጥር መግለጫ አለው። መግለጫዎቹም በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ መጫወት ነው። ድምፁ ደግሞ በምስጢር ይሁን። ቴሌግራም ላይ ፖል (የድምፅ መስጫ) ስትከፍቱ የመራጩን ስም የማያሳየውን ምረጡ። በወረቀት ከሆነ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

የተጫወተው ሁሉ ይወደዋል፣ ነጥቡ ግን ወደቀ

ይህ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ጥሩ ጨዋታ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ገበጣን አራት ሰዎች ተጫውተው 5፣ 5፣ 4፣ 4 ሰጡት እንበል። አማካዩ 4.5 ነው። ስድስት ሰዎች ግን ስላልተጫወቱት ባዶ ተዉት። ቆጣሪው ባዶውን ዜሮ ብሎ ከሞላው አማካዩ 1.8 ይሆናል። ኤክሴል አማካይ ሲያሰላ ባዶ ሳጥን ይዘላል፣ ዜሮን ግን ይቆጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ከፍታችሁ ዜሮ ፈልጉ። ከ1 በሚጀምር መለኪያ ላይ ዜሮ ካለ ሰው የጻፈው ነው።

ጎግል ፎርም ከሆነ ሌላም ነገር እዩ። ጥያቄው ግዴታ ተደርጎ ከሆነ ያልተጫወተው ሰው አንዱን ቁጥር ነክቶ ያልፋል፣ ብዙ ጊዜ 3ን። የፎርሙ የቁጥር መስመር ደግሞ «አልተጫወትኩትም» የሚል ቦታ የለውም። ስለዚህ ቁጥር መስመሩን ትታችሁ ተራ የምርጫ ጥያቄ አድርጉት። አምስቱን ደረጃዎች ከነቃላቸው ጻፉ፣ ስድስተኛው «አልተጫወትኩትም» ይሁን። ስሌት ውስጥ አይገባም።

ጥቂት ሰው የመረጠው ጨዋታ አንደኛ ወጣ

ይህ የሚመጣው ከላይ ያለውን ካስተካከላችሁ በኋላ ነው። አንድን ጨዋታ ስድስት ሰዎች ብቻ ተጫውተው ሁሉም 5 ሰጡት፣ አማካዩ 5.0። ሌላውን አርባ ሰዎች ተጫውተው አማካዩ 4.4 ሆነ። ስድስቱ ምናልባት የሠሪው ወንድሞችና እህቶች ናቸው።

ለእያንዳንዱ ጨዋታ ማንም ያልሰጣቸውን፣ ባለ 3 ነጥብ አስር የይስሙላ ድምፆች በእኩል ጨምሩ፤ ጥቂት ሰው የመረጠው ወደ መካከል ይሳባል። የመጀመሪያው 30 ሲደመር 30፣ ለ16 ሲካፈል 3.75 ይሆናል። ሁለተኛው 176 ሲደመር 30፣ ለ50 ሲካፈል 4.12። ቦርድጌምጊክም ደረጃ ሲያወጣ የሚጠቀመው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ዘዴ ነው። ስንት ድምፅ እንደሚጨመር ግን ምርጫው ከመከፈቱ በፊት ወስናችሁ ለጥፉ። ውጤት ከታየ በኋላ ከተወሰነ ማንም አያምናችሁም፣ ባያምኑም እውነታቸውን ነው።

ለራሳቸው 5፣ ለሌላው ሁሉ 1

ከአንድ ሰፈር በባጃጅ ተጭነው የመጡ ጓደኛሞች የሠፈራቸውን ልጅ ጨዋታ 5፣ የቀረውን በሙሉ 1 ሰጡ። ቃል በመጻፍ ይህ አይድንም። ነጥብ መስጠት ያጋነነን ሰው ይጠቅማል፣ በሐቅ 3 የሰጠው ሰው ድምፁ ይቀላል። ዩቲዩብ በ2009 አብዛኛው ድምፅ አምስት ኮከብ መሆኑን ተናግሮ በ2010 ኮከቡን በመውደድና ባለመውደድ ቁልፍ ተካው።

እዚህ ላይ ነጥቡን ተዉትና ቅደም ተከተል አስጽፉ። የሳይንስ ልቦለድ ሽልማቱ ሁጎ እንዲህ ነው የሚሠራው። መራጩ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ብሎ ያሰልፋል። በ1ኛ ምርጫ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ትንሽ ድምፅ ያገኘው ይወጣና ድምፁ ወደ መራጮቹ ቀጣይ ምርጫ ይሄዳል። «ማንም አይሸለም» የሚል ምርጫም አለ። እጩው ብዙ ከሆነ ግን ሰው ይሰለቻል። ከ2001 ጀምሮ ለሚና ጨዋታዎች (ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ለሚጫወትባቸው) በሚሰጠው የኤኒ ሽልማት፣ አምስት ዳኞች እጩዎቹን አጥርተው ካቀረቡ በኋላ ነው ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጠው። ለትንሽ ቡድንም ሦስት ዳኛ ይበቃል፣ ሠሪ ካልሆኑ።

በጣም የተወደደው ጨዋታ ጥቂት 1ዎች አሉት

5ቱ ተከምሯል፣ ከጎኑ ግን ሦስት አራት 1 አለ፣ መሐሉ ባዶ ነው። ጥላቻ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። እኛ ዘንድ 1ኛ የሚወጣው ጎበዙ ነው። አንዳንዱ መራጭ የሚወደውን 1 ብሎ አልፏል። በግምት 1ን ወደ 5 መቀየር ግን ነውር ነው። ለሚቀጥለው ቁጥሩን አውጡና ቃሉን ብቻ ተዉ። ለዘንድሮው ጊዜ ካለ ለዚያ ዘርፍ ብቻ ድጋሚ ድምፅ ይሰጥ።

ነጥብ እኩል ከሆነ ብዙ 5 ያገኘው ያሸንፍ። አሁንም እኩል ከሆኑ ሁለቱም ይሸለሙ።