ድፍን ገላ ያለው የኤሌክትሪክ ክራር በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ጎንደር ውስጥ በሠርግ ድንኳንም ሆነ በጥምቀት ሰሞን፣ ከበሮውና እልልታው ሲደምቅ የቆዳ ክራር ድምፅ ይዋጣል። ማይክሮፎን ቢያስጠጉለት ደግሞ ገበቴው ከስፒከሩ የሚመጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበልና ማፏጨት ይጀምራል። ገላው ድፍን እንጨት የሆነና የጊታር ፒካፕ የተገጠመለት ክራር ከሁለቱም ችግር ያድናል። አንገትና ፍሬት ስለሌለው ጊታር ከመሥራት ይቀላል። መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ ሞረድ፣ ትራፓኖ፣ ሁለት ሞርሳና ሽቦ መበየጃ ካውያ ያለው ሰው በረንዳው ላይ ሊሠራው ይችላል።

መጀመሪያ ክሩን ይግዙ፤ የቀረው ልክ ሁሉ የሚወጣው ከእሱ ነው። ፒካፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የሚሰማው አጠገቡ ብረት ሲርገበገብ ብቻ ስለሆነ ናይለንና ጅማት ምንም ድምፅ አይሰጡትም። ሁለት ፓኬት ተራ የኤሌክትሪክ ጊታር ክር፣ ከ010 እስከ 046 የሚባለውን፣ ይውሰዱ (ቁጥሩ የክሩን ውፍረት ያሳያል)። በእያንዳንዱ ፓኬት ሽቦ ያልተጠመጠመባቸው ሦስት ክሮች አሉ፦ 010፣ 013 እና 017። ከሁለቱ ፓኬት ስድስት ይሆናሉ ማለት ነው። ከሶል ተነስተው በትዝታ ሜጀር ሲቃኙ ድልድላቸው ይህ ነው፦

ሶል እና ላ፦ 017
ሲ እና ሬ፦ 013
ሚ እና ላይኛው ሶል፦ 010

ታችኛው ሶል ከጊታር ሦስተኛ ክር ጋር እኩል ነው። ክሩ ከበርኩማው (ገላው ላይ ተቀምጦ ክሩን ከፍ አድርጎ ከሚይዘው እንጨት) እስከ ቀንበሩ (ከላይ ሁለቱን ቋሚዎች እስከሚያገናኘው አግዳሚ) 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይጎትታል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 30 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ክራሩ ይህን ሸክም ቀንም ሌትም ስለሚሸከም መገጣጠሚያው ላይ ቸልታ አያዋጣም። ርዝመቱን 60 ሴንቲ ሜትር አድርገው ቅኝቱን ባይለውጡ ውጥረቱ በ44 በመቶ ይጨምራል፤ ላይኛው ክርም ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል።

ለገላው፣ ለቋሚዎቹና ለቀንበሩ ዋንዛ ይበቃል። ለመሮ ይታዘዛል፣ ተሸክመው ሲጫወቱበትም አይከብድም። በርኩማው ግን ከወይራ ይሁን፤ ለስላሳ እንጨት በብረት ክር ይሰረጎዳል። በክረምት የገዙትን ጣውላ ወዲያው ቆርጠው ቢያጣብቁት በጋው ሲገባ ይኮማተርና መገጣጠሚያውን ይከፍተዋል። ጣውላውን ጥላ ውስጥ፣ ከሥሩ ሁለት ዱላ አስገብተው አጋድሙት፤ በየሳምንቱ ይመዝኑት። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል።

ገላውን 24 በ24 ሴንቲ ሜትር፣ በ40 ሚሊ ውፍረት ይቁረጡ። የእንጨቱ መስመር ከታች ወደ ላይ ይሂድ። ሁለቱ ቋሚዎች 49 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ሚሊ ስፋትና 40 ሚሊ ውፍረት ይኑራቸው። ከገላው ጀርባ፣ በላይኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች፣ 25 በ100 ሚሊ ቦታ በ20 ሚሊ ጥልቀት ያንሱ። ከእያንዳንዱ ቋሚ ፊትም እንዲሁ 100 ሚሊ ርዝመት በ20 ሚሊ ጥልቀት ያንሱ። ሁለቱ ሲነባበሩ ፊቱም ጀርባውም እኩል ይሆናል። ኮላ ቀብተው በሞርሳ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በነጋታው በየቋሚው ሁለት ቪቴ ከጀርባ ያስገቡ፤ አንዱ የግድ ወደ መገጣጠሚያው ታችኛ ጫፍ ይጠጋ። ክሩ ቋሚውን ወደ ፊት ስለሚስበው ልክ እንደ ማንሻ ብረት ታችኛውን ጫፍ ከገላው ያላቅቀዋል፤ መሰንጠቅ የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ቀንበሩ 24 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 55 ሚሊ ቁመት፣ 25 ሚሊ ውፍረት አለው። የታችኛውን 12 ሚሊ እንዳለ ትተው ላይኛውን ክፍል ከፊት በኩል 10 ሚሊ ይላጉት፤ የጊታር መቃኛዎቹ የሚገቡት በዚህ በሳሳው ክፍል ነው። ይህ ደረጃ ካልኖረ ክሩ ወደ መቃኛው በቂ ዝቅታ ሳይኖረው ያልፋል፤ ከዚያ ቦታውን እየለቀቀ ይንጫረራል። ባልተላገው ጠርዝ ላይ አንድ ሚሊ ጥልቀት ያለው ቦይ ያውጡና 5 ሚሊ የሆነ የነሐስ ወይም የብረት ዘንግ ያስቀምጡ። ስድስቱን መቃኛዎች በ25 ሚሊ ርቀት ይደርድሯቸው። የቋሚዎቹን ጫፍ ከፊት በ17 ሚሊ ጥልቀትና በ55 ሚሊ ርዝመት ጠርበው ቀንበሩን በኮላና በቪቴ ይግጠሙ።

የበርኩማው ቁመት ከላዩ ዘንግ ጋር 12 ሚሊ ሲሆን ከገላው ታችኛ ጠርዝ 70 ሚሊ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እዚያ የመጀመሪያውና የስድስተኛው ክር ርቀት 42 ሚሊ ነው። ክሮቹ ወደ ቀንበሩ እየሰፉ ስለሚሄዱ ከበርኩማው 60 ሚሊ ላይ 52 ሚሊ ይሆናሉ፤ የተራ ጊታር ፒካፕ ስድስት ማግኔቶችም በዚህ ልክ የተደረደሩ ናቸው። ስለዚህ ፒካፑ ከዚህ ቦታ አይነቃነቅ። ቢሸሽ የዳሮቹ ክሮች ድምፅ ይደክማል። ከበርኩማው 25 ሚሊ ዝቅ ብለው ገላውን ከፊት እስከ ጀርባ በ3 ሚሊ ፑንታ ስድስት ቦታ ይብሱት። ከጀርባ በ2 ሚሊ የተበሳ ላሜራ በቪቴ ይታሰራል፤ የክሩ ጫፍ ኳስ እዚያ ይያዛል።

የኤሌክትሪኩ ቦታ ከጀርባ በታችኛው ማዕዘን ይቆፈር፤ ፊቱ ላይ 5 ሚሊ ብቻ ይቅር። ለነጠላ ጥቅል ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም ቮልዩም (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ)፣ ለድርብ 500 ይሁን። የነጠላው ፒካፕ ነጭ ሽቦ ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያወጣው ነው፤ እሱ ከቮልዩሙ አንድ የዳር እግር ጋር ይበየድ። መካከለኛው እግር ወደ ጃኩ (የአምፕሊፋየሩ ገመድ የሚሰካበት) ጫፍ ይሂድ። ሌላው የዳር እግር፣ የፒካፑ ጥቁር ሽቦ፣ የጃኩ አካልና ከጀርባው ላሜራ የሚመጣ ሽቦ ሁሉም በቮልዩሙ ቆርቆሮ ላይ ይገናኙ። ቁልፉን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ድምፁ ከቀነሰ ሁለቱን የዳር እግሮች ያቀያይሩ። እጅ ክሩን ሲነካ እምምታው የሚጠፋ ከሆነ የላሜራው ሽቦ ሥራውን ይሠራል፤ ካልጠፋ አንድ ቦታ ተላቋል።

እዚህ ላይ አጥብቀን እንናገራለን፦ ክሮቹ አሁን ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር ተያይዘዋል። ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) የሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ብልሹ አምፕሊፋየር በክሩ በኩል ሰው ይይዛል። ኧርዙን ኤሌክትሪሺያን ሳያይ አይጫወቱበት።

ክሩን ወጥረው ሲጨርሱ በፒካፑና በክሩ መካከል 3 ሚሊ ይተዉ። ቢቀራረቡ ማግኔቱ ክሩን ይስበውና ድምፁ ይዋልላል። ብረት ክር ከጅማት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይጮኻል፤ በግርፍ ሲመቱት የግራ እጅ ጣቶች ያላፈኑት ክር ሁሉ እየተደባለቀ ይረብሻል። በበርኩማው ጥግ፣ ከክሮቹ ሥር፣ 10 ሚሊ ስፋት ያላት ስፖንጅ ያስገቡ። በዚህች ቁራጭ የክራሩ አጭርና ጥርት ያለ ምት ይመለሳል።

አዲስ ክር ለሦስት አራት ቀን እየላላ ያስቸግራል፤ መቃኘት ብቻ ነው መፍትሔው። ወደ ትዝታ ማይነር መሄድ ሲፈልጉ ሲንና ሚን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጉ። ከሳምንት በኋላ የቋሚውን ፊት በማስመሪያ ይለኩ፤ ከ2 ሚሊ በላይ ወደ ፊት ከጎበጠ ክሩን አላልተው ታችኛዎቹን ቪቴዎች መልሰው ያጥብቁ።