ልብ ወለዳችሁ ሊያልቅ ሲል፦ ከመጨረሻው ምዕራፍ እስከ ማተሚያ ቤት

የመጀመሪያው ልብ ወለዴ በ1,000 ቅጂ ታተመ። ከግማሽ በላዩ ዛሬም እናቴ ቤት በካርቶን ተደርድሯል። ታሪኩን አሁንም እወደዋለሁ። ያጠፋሁት የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ነው። ለእንቁጣጣሽ ላድርሰው ብዬ ረቂቁን በትኩሱ ማተሚያ ቤት አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ የሁለት ጓደኞቼን ረቂቅ እስከ ኅትመት አብሬ ተከታትያለሁ። የራሴ ሁለተኛ ልብ ወለድ ደግሞ ሁለት ምዕራፍ ቀርቶታል። እናንተም እዚህ ጫፍ ላይ ከደረሳችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. የታሪኩን ዓመት ቁረጡ

ታሪካችሁ መሀል አዲስ አበባ ከሆነ መጨረሻውን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አዲሱ ልብ ወለዴ ፒያሳ ነው የሚካሄደው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። መጻፍ ስጀምር ሰፈሩ ነበር። ከምጽፍበት ካፌ ተነስቼ በእግሬ እየሄድኩ የግቢዎቹን በር አይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ረቂቁ ላይ ግን ሰዎቼ እዚያው ቡና እያፈሉ ነው። ታሪኩን ወደ ፍርስራሹ ልውሰደው ወይስ ሰፈሩ ሳይፈርስ ልዝጋው? ይህን ሳልወስን መጨረሻውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስቱም አልሆነልኝም። በኋላ ታሪኩ በ2014 ክረምት እንዲያልቅ ቆረጥኩ። ያን ጊዜ ቀሪዎቹ ምዕራፎች ወለል ብለው ታዩኝ።

ዓመቱን ስትቆርጡ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ምዕራፎቹን በተርታ ጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ወሩን፣ ክረምት ይሁን በጋ፣ ጾም ይሁን ፍስክ አስፍሩ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው። በ2006 ባቡር የሚሳፈር ሰው ካላችሁ እዚህ ወረቀት ላይ ይያዛል። እኔ ዘንድ የተያዙት በሁዳዴ ረቡዕ ክትፎ ያዘዙ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ እናት ናቸው። አንባቢ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ካገኘባችሁ ሌላውንም በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

2. ጨርሱት

ወደ ኋላ ሳትመለሱ፣ ሳታርሙ። እርማቱ የራሱ ጊዜ አለው።

3. አስቀምጡት

ቢያንስ ስድስት ሳምንት። ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ገልብጡ፤ ለራሳችሁም በኢሜይል ላኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ሰው አውቃለሁ። ከዚያ አትክፈቱት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚቸኩለው ጽሑፌን ይሰርቁኛል ብሎ ነው። እኔም ይህ ፍርሃት ነበረብኝ። በቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) መሠረት ግን ሥራችሁ የሕግ ጥበቃ የሚያገኘው ስለጻፋችሁት ነው። እስኪታተም አይጠብቅም። ቀን ያለበት ኢሜይል ደግሞ መቼ እንደጻፋችሁት ያሳይላችኋል። ስለዚህ ረቂቁ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ የምታጡት ነገር የለም።

4. ፊደላቱን አጽዱ

እኔን የጎዳኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ በሰፊው ልንገራችሁ።

በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ አላቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የትኛው የት ይግባ የሚለው ክርክር ረጅም ነው፤ እዚህ አልገባበትም። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ የመረጣችሁትን ግን እስከ መጨረሻው ያዙ። ምክንያቱም ለኮምፒውተር «ፀሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ስትፈልጉ ሦስቱን አያሳያችሁም።

በመጀመሪያው መጽሐፌ ዋናዋ ሴት ስሟ ፀሐይ ነበር። መጨረሻ ላይ ስሙ አልጥም አለኝና ብርቱካን ልበላት አልኩ። ፈልጎ የሚተካውን ትእዛዝ ከፈትኩ፤ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫንኩ፤ ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ጸሀይ የምትባል፣ ማንም የማያውቃት ሴት ተነስታ በር ትከፍታለች። በ«ጸ» እና በ«ሀ» የተጻፈችዋ ሳትተካ ቀርታለች ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ሌላው ነው። አባቷ በሞቱ ማግስት፣ ስጽፈው ያለቀስኩበት ገጽ ላይ፣ «ፀሐይ ወጣች» የሚለው «ብርቱካን ወጣች» ሆኖ ታትሟል። በ1,000ውም ቅጂ። የገዙኝ ሰዎች ያንን ገጽ እንዲያነቡ አልፈልግም ነበር። ለሱቆች መስጠት ያቆምኩትም ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ደብተር ላይ የሰዎቻችሁን ስም ሁሉ፣ የቦታ ስሞችን፣ ደጋግማችሁ የምትጠቀሙባቸውን ቃላት ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ፊት የመረጣችሁትን አጻጻፍ አስቀምጡ። ከዚያ ሌሎቹን አጻጻፎች አንድ በአንድ እየጻፋችሁ ፈልጉ። «ዓለም» ካላችሁ «አለም»ን ፈልጉ። «ኃይሉ» ካላችሁ «ሃይሉ»ን፣ «ሀይሉ»ን፣ «ሐይሉ»ን ፈልጉ። በአማርኛ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ የሚለውን ምርጫ አጥፉት። በስም ላይ «ሁሉንም ተካ»ን በጭራሽ አትንኩት። አንድ በአንድ እያያችሁ ተኩ። ለ300 ገጽ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለት ቀን ስጡት።

«ሁሉንም ተካ» የሚፈቀድበት አንድ ቦታ ቢኖር ነጥብ ነው። ብዙዎቻችን በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለቴ «:» እንጽፋለን። ስክሪን ላይ ያው ይመስላል፤ ሲታተም ግን ለሁለት ይከፈልና አንደኛው ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። በአንዴ ወደ «።» ቀይሩት።

ረቂቁን በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የጀመራችሁ ካላችሁ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት አስቀይሩት። ዩኒኮድ የእኛን ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ነው ያካተተው፤ ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚያነበው እሱን ነው። ከተቀየረ በኋላ ሏን፣ ሟን፣ ቋን፣ ኳን፣ ጓን በዓይናችሁ ፈትሹ። የአንዱ ጓደኛዬ ረቂቅ ሲቀየር «ጓ» በየገጹ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጥቶ ነበር። በኮምፒውተር የፊደል ማረሚያ በአማርኛ ላይ አልተማመንም። በአማርኛ ግስ አንዱ ሥር ስንት መልክ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ማረሚያው ትክክለኛውን ቃል ሁሉ በቀይ ያሰምርና ዓይናችሁን ያደክመዋል።

5. ጮክ ብሎ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ

ረቂቁን በወረቀት አሳትሙ። አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ ፊትና ጀርባ አስወጥታችሁ በስፓይራል አስጠርዙት። ከስክሪን ላይ ማረምን አልመክርም። ዓይን ስክሪን ላይ ይዘላል።

ከዚያ ራሳችሁ አታንብቡት። ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። የእኛ ጽሑፍ ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? «ይመታል» መቺው ነው ወይስ ተመቺው? እናንተ የጻፋችሁትን ስለምታውቁ ሁልጊዜ በትክክሉ ታነቡታላችሁ። ሌላው ሰው ግን ሳያጠብቅ ይጀምርና፣ ትርጉሙ እንቢ ሲለው ይመለሳል። እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ። የተመለሰበትን ቦታ ሁሉ አስምሩ። አትናገሩ፣ አታርሙት። ለእኔ የምታነብልኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ ማታ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ምዕራፍ። ንግግሮቹም የሚፈተኑት እዚህ ነው። የስልሳ ዓመት እናት ልጇን «አንቺ» ስትል ድምፅዋ ካልመጣ፣ እህቴ ሳታውቀው ፍጥነቷን ትጨምራለች። እሱንም አስምራለሁ።

ለሦስት ሰዎች ደግሞ ቅጂ ስጡ። አንዱ ብዙ የሚያነብ፣ አንዱ ልብ ወለድ የማያዘወትር፣ አንዱ የታሪኩን ሰፈር ወይም ሙያ የሚያውቅ ይሁን። «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ይዞት «በጣም ደስ ይላል፣ በርቱ» ይላችኋል። «የት ጋ ስትደርስ አስቀመጥከው?» በሉት። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ካስቀመጡት እዚያ ቦታ ሥራ አላችሁ። ይህ ካለቀ በኋላ ለአርታኢ ክፈሉ። ገንዘብ ካጠራችሁ ከሽፋኑ ላይ ቀንሱ፤ ከአርታኢው ላይ አትቀንሱ።

6. መንገዳችሁን ምረጡ

ከፊታችሁ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ረቂቁን ለአሳታሚ ወይም ለአከፋፋይ መስጠት ነው። ወጪው የእነሱ ነው፤ መጽሐፉም ክልል ድረስ ይሄዳል። ውሉን ግን በደንብ አንብቡ። በሕጉ የሥራው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያላችሁ የእናንተ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቻችሁ ነው። አንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ ይህን ሁሉ አሳልፋችሁ አትስጡ። የኅትመቱ፣ የትረካው፣ የፊልሙ መብት ለየብቻ ይጻፍ። የስንት ቅጂ፣ የስንተኛ እትም እንደሆነም ይጠቀስ።

ሁለተኛው በራስ ወጪ ማሳተም ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚሄደው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ትረካ ነው። እኔ ይህ መንገድ ተገቢውን ክብር አላገኘም ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ስንቱን ቤት ከልብ ወለድ ጋር አስተዋውቋል። መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሬዲዮ ከቦ ይሰማ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም በክፍል በክፍል መልቀቅ ይቻላል። መጀመሪያ አምስት ምዕራፍ ልቀቁና ሰው ስድስተኛውን ይጠይቅ እንደሆነ እዩ። ከጠየቀ ለኅትመቱ ገዢ አላችሁ ማለት ነው። አንዷ ጓደኛዬ ያደረገችው ይህንን ነው፤ ካርቶን ቤቷ አልተከመረም።

7. ማተሚያ ቤት

ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አራት ኪሎ የሚገኘው ብርሃንና ሰላምም ሆነ በየፎቁ ያሉት ትንንሾቹ፣ የምትጠይቋቸው ነገር ተመሳሳይ ነው። ወረቀቱ ስንት ግራም ነው? ጥራዙ ስፌት ነው ወይስ ሙጫ ብቻ? ከ200 ገጽ በላይ ከሆነ ስፌት ይሁን ባይ ነኝ፤ በሙጫ ብቻ የተጠረዘው ሲገለጥ ሲዘጋ ገጹ ይረግፋል። መጽሐፍ በአንድ ትልቅ ሉህ ላይ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ሆኖ ስለሚታተም የገጹን ብዛት ወደ 16 ብዜት አስጠጉት። 256 ገጽ ይበቃል፤ 258 ከሆነ ግን ለሁለት ገጽ ብላችሁ ተጨማሪ ወረቀት ትከፍላላችሁ።

ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ እንደሚቀንስ ይነግሯችኋል። እውነት ነው፤ የፕሌቱ (የማተሚያ ሰሌዳው) እና የዝግጅቱ ወጪ ስለሚከፋፈል ነው። እኔም 1,000 ያልኩት በዚህ ምክንያት ነበር። ለመጀመሪያ መጽሐፍ 300 ወይም 500 በቂ ነው። ስህተት ቢገኝ ሁለተኛው እትም ላይ ይታረማል።

የሽፋኑ ዝግጅት ሳያልቅ ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) አውጡ። 13 አሃዝ ነው፤ ከጀርባ ሽፋኑ ላይና ከውስጥ ገጹ ላይ ይገባል። መጽሐፉ ሲወጣ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚገባውን ቅጂ አስረክቡ።

የመጨረሻውን ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚታረመውን ናሙና፣ በወረቀት ጠይቁ። በስልክ የተላከ ፎቶ አትቀበሉ። እያንዳንዱን ገጽ አይታችሁ ፈርሙበት። «ነገ ማሽን ላይ ይወጣል፣ ዛሬ ካልፈረማችሁ ወረፋው ያልፋችኋል» ቢሏችሁ ወረፋው ይለፋችሁ። እኔ እንዲህ ሲሉኝ ቆሜ፣ ባንኮኒው ላይ፣ በአርባ ደቂቃ ነው 272 ገጽ የፈረምኩት። ዘጠነኛው ምዕራፍ እዚያ ውስጥ ነበር።

የአሁኑን ረቂቅ ስጨርስ ፍላሹንም ደብተሩንም ለእህቴ እሰጣለሁ። ጥምቀት ሳያልፍ ብለምናት እንኳ እንዳትመልስልኝ ነግሬያታለሁ።