ጭራዋ ላይ የተቀመጠችው ቢ-25

ፒያሳ ቤቴ ለሁለት ወር የገጣጠምኳት ከእውነተኛዋ 48 ጊዜ ያነሰች (1/48) የቢ-25 ሚቸል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞዴል በጎማዋ አልቆም ብላ ጭራዋ ላይ ዘፍ አለች። ሚያዝያ 10 ቀን 1934 ዓ.ም. ከመርከብ ተነስተው ቶኪዮንና ሌሎች የጃፓን ከተሞችን ለመደብደብ የሄዱት 16ቱ የእሷ ዓይነት ነበሩ። የፊት እግሯ አፍንጫዋ ስር ስለሆነ ፊቷ መክበድ ነበረበት፤ መመሪያውን አንብቤ ሳልጨርስ፣ ክብደት ሳልከትበት ገላዋን አጣበቅኩት፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። አፍንጫዋ ደግሞ መስታወት፤ ምን ይደበቅበታል?

ሶማሌ ተራ ያለ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈውን ባለ 5 ግራም ክብደት ጠየቅኩ።

"ለየትኛው መኪና?"

"ለአውሮፕላን!" ስለው ስቆ በነጻ ሰጠኝ።

ሞተሮቹ ከዋናዎቹ እግሮች ቀድመው ስለሚወጡ ክብደቱን እዚያ ሽፋናቸው ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ በፕላስተር ይዤ ሞከርኩ፤ በሦስት ሦስት ትንገዳገዳለች፣ በአራት አራት ቀጥ አለች። ከዚያ በሱፐር ግሉ አጣበቅኳቸው፤ ትነቱ መስታወቷን እንዳያደበዝዘው መስኮት ከፍቼ አሳደርኳት።